ሰላምታ ከኮቶቹ መሀል

ግላዲስ መሞታቸውን የሰማሁት ቱነልባና በሚሉት የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። ልጃቸው ፓሜላ ደወለች፤ ደህንነቴን እንኳ ሳትጠይቅ በስዊድንኛ "እማዬ ዛሬ ጠዋት ሞተች" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ማን ይንገረው ተብሎ ይመከራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። እኔ ግን አንድ እጄ የባቡሩን ብረት እንደያዘ፣ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ሙዝ እየላጠች፣ መርዶዬን ተረዳሁ። የምወርድበት ጣቢያ መቼ እንዳለፈኝ አላውቅም። ልብ ስል ባቡሩ ባዶውን ቆሟል፤ የመስመሩ መጨረሻ ሄሰልቢ ደርሻለሁ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት ትንሽ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከልቅሶው ይልቅ ሐሳብ ያዘኝ። ግላዲስን ጠይቄያቸው መልሱን ሳላገኝ የቀረሁት አንድ ነገር ነበረ፤ እሱም ከዚሁ ከሄሰልቢ ጋር የተያያዘ ነው። ወሬ እወዳለሁ፣ አልደብቅም። ባለቤቴ "አንተ የሰው ጓዳ ካላየህ እንቅልፍ አይወስድህም" ትለኛለች። የግላዲስን ጓዳ ግን ስንት ዓመት ተመላልሼም አይቼ አልጨረስኩትም።

ግላዲስ የቺሊ ሰው ናቸው። ወታደሮች አገራቸውን በያዙበት ዘመን ገና ወጣት ሳሉ ተሰደው ስቶክሆልም ገቡ፤ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አጭር ናቸው፤ ፀጉራቸውን ከጆሯቸው በላይ ይቆረጡታል። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ሲያዳምጡ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "ስናገር ምን አያለሁ ብለህ ነው?" አሉኝ። ስዊድንኛ አንቱታ የለውም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተና አንቺ ነው። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የተዋወቅነው በማኅበረሰብ ራዲዮ ነው። ሶደርማልም ላይ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባባት ትንሽ ስቱዲዮ ነበረች፤ የስደተኛ ማኅበራት በየተራ ይጠቀሙባታል። ቅዳሜ ከሰዓት መጀመሪያ የስፓኒሽ ሰዓት ነው፣ ቀጥሎ የእኛ የአማርኛው። በሥራ ቀን አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ግን ከጋሽ መላኩ ጋር ጋዜጠኛ ነኝ። ጋሽ መላኩ ጡረተኛ ናቸው፤ ድምፃቸው ያምራል፣ ሐተታቸው አያልቅም፣ ራዲዮ ላይ ማንም እንደማያያቸው እያወቁ ከረባት ያስራሉ። ፕሮግራማችን በአገር ቤት ዜና ይጀምርና ደዋዮች ሲጣሉ ያልቃል።

ብርዱን ሸሽተን ቀደም ብለን ስለምንደርስ ግላዲስን በመስታወቱ በኩል አያቸዋለሁ። ስፓኒሽ አልሰማም። ነገር ግን ዜና ሳይነበብ፣ ዘፈን ሳይገባ፣ ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ የሰውና የሰፈር ስም ብቻ ይጠራሉ። ፍሌሚንግስቤሪ፣ ሄሰልቢ፣ ሶደርማልም የሚሉት ለጆሮዬ ይደርሳሉ። ከፊታቸው ወረቀት የለም። አንድ ቀን ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው።

"ይሄ ሁሉ ስም ምንድን ነው? የሞቱ ሰዎች ናቸው?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ሰላምታ ነው። የሞተ ሰው ሰላምታ ምን ያደርግለታል?"

"ወረቀት ግን አልያዙም።"

"ወረቀት ካስፈለገኝ ሰውየውን አላውቀውም ማለት ነው።"

ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩት የገባኝ ቆይቶ ነው። ቅዳሜ ስሙን የሚጠሩትን ሰው ሁሉ አርብ ቀን ደውለው ያናግሩታል። ስልኩን የሚያነሳው ራሱ ካልሆነ፣ የሚያስታምመውን ወይም ጎረቤቱን ያናግራሉ። አርብ ያልተጠየቀ ሰው ቅዳሜ አይጠራም። አርብ ቀን እሳቸው ጋ ደውሎ መስመራቸውን ነፃ ያገኘ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ብዙ ደክሜያለሁ። መጀመሪያ ስጠይቃቸው "ሥራ ፈትቼ ነው" አሉኝ። ሌላ ጊዜ "ወሬ እወዳለሁ፣ እንደ አንተ" አሉኝ። በሦስተኛው፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ መውጫው በር ላይ ቆመን ሳለ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የተወለድኩት በደቡብ ነው፤ ዝናብና ደሴት ብቻ ያለበት አገር። ስልክ አልነበረም። ራዲዮው መልእክት ያነብልን ነበር። ለእገሌ፣ እገሌ ደሴት፤ እናትህ ከሆስፒታል ወጥታለች፣ ማክሰኞ በጀልባ ትመጣለች፣ ፈረስ ይዘህ ጠብቃት፣ ይላል። ልጁ ባይሰማ ጎረቤቱ ሰምቶ ይነግረዋል። አባቴ የሌላውን ሰው መልእክት ሰምቶ ፈረስ ይዞ የወረደበት ቀን አለ።"

"እዚህ ግን ስልክ ሞልቷል" አልኳቸው።

"ደሴትም ሞልቷል" አሉኝና ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

እንግዳም ከዚህ ልማድ አያመልጥም። ምርጫ ሲቃረብ ፖለቲከኞች የስደተኛ ራዲዮ መኖሩ ትዝ ይላቸዋል። እኛ ጋ ሲመጡ እንደ አምባሳደር ነው የምንቀበላቸው። ግላዲስ ጋ ግን ማንም ስለ ፓርቲው አንድ ቃል ከመተንፈሱ በፊት፣ ለአንድ የሚያውቀው ሰው ስምና ሰፈር ጠርቶ ሰላምታ ማቅረብ አለበት። አንዲት ወጣት ዕጩ ሕፃን ሳለች ያሳደገቻትን የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ጠራች፤ ሴትዮዋም ሰምታ ኖሮ ደውላ አለቀሰች። ልጅቷ ስለ ፓርቲዋ የተናገረችውን ማንም አያስታውስም፤ ሞግዚቷን ግን እስከ ዛሬ ያነሷታል።

ከዚያ ኑሮው ተበላሸ። የቤት ብድር ወለድ ወጣ፣ የግንባታ ሥራ ቀዘቀዘ፣ ሶደርማልም ላይ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ መስታወታቸውን በወረቀት ሸፈኑ። ከሥራ ልትሰናበት ትችላለህ የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ቫርሰል የሚሉት፣ በአማርኛችንም በስፓኒሹም መሀል ገብቶ እንደ አገሩ ቃል ይነገር ጀመር። የግላዲስ ሰዎች አብዛኞቹ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ቀለም ቀቢ፣ ጽዳት ሠራተኛ ስለነበሩ ቀድመው የተመቱት እነሱ ናቸው። የሰላምታው ክፍል ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ መጣ፤ ዘፈኑ እያጠረ ሄደ።

"ዛሬ ምን አሉ?" እላቸዋለሁ ሲወጡ።

"ለፓትሪሲዮ፣ ፍሌሚንግስቤሪ። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ክፍት ነው" ይሉኛል።

ይኸው ነው። ሥራ አጣ፣ ተባረረ፣ ተቸገረ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሰውየው የሚችለውንና ክፍት የሆነበትን ቀን ብቻ ይናገራሉ። የሰማው ሰው የቀረውን ራሱ ይረዳል፤ ፓትሪሲዮም ሰኞ ዕለት ቀና ብሎ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል።

ነገሩን ለጋሽ መላኩ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። "እኛስ ምን ይዞን?" አሉ። አነጋገሩን በቅጡ ላስረዳቸው ስል ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው ነበር። በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ ቃል በቃል እንዲህ አሉ፤ "በሄሰልቢ ነዋሪ የሆነችው እህታችን አስቴር ከምግብ ቤት ሥራዋ በመሰናበቷ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ለመላው ቤተሰቧ መጽናናትን እንመኛለን።"

አስቴር ሥራ ማጣቷን ለባሏ እንኳ አልነገረችም ነበር፤ እኛ የሰማነው አብረዋት ከሠሩት ነው። ጠዋት ጠዋት ምሳዋን ቋጥራ ትወጣለች፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ ውላ በሰዓቷ ትመለሳለች። የዚያን ቀን ራዲዮው ተዘግቶ ገና ሳይመሽ የሄሰልቢ ሰው ቤቷን ሞላው። ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ ነበሩ። በድስት ወጥ የያዙ ነበሩ። ባሏ በሩን ከፍቶ ማን ሞተ ብሎ ጮኸ። አስቴር በማግስቱ ደወለችልን፤ "ጋሽ መላኩ፣ በቁሜ ቀበሩኝ እኮ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ መላኩ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጡም። ግላዲስ ታሪኩን ስነግራቸው መጀመሪያ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቃቸውን አቁመው መነጽራቸውን አደረጉ።

"እናንተ ያጣችውን ተናገራችሁ። ያላት ምንድን ነው?"

አላወቅኩም። አስቴርን ከልጅነቷ የማውቃት ያህል ነበር የሚሰማኝ፤ ምን እንደምትችል ግን ጠይቄያት አላውቅም። ግላዲስ ስልክ ቁጥሯን ተቀበሉኝና አርብ ደወሉ፤ ሁለት ሴቶች በተሰባበረ ስዊድንኛ ምን እንደተባባሉ እግዜር ይወቀው፣ ረዥም ጊዜ አወሩ። ቅዳሜ ጋሽ መላኩ ግላዲስ የነገሯቸውን ብቻ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ "ለአስቴር፣ ሄሰልቢ። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ገበር ትሰፋለች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክፍት ናት።" ግላዲስም ቀደም ብለው በስፓኒሹ ሰዓት ብለውት ነበር። በዚያ ወቅት አዲስ ኮት የሚገዛ ሰው ስላልነበረ፣ መጀመሪያ አሮጌ ኮታቸውን ተሸክመው አስቴር ቤት የሄዱት የቺሊ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኛም አርብ አርብ ስንደውል የእኛ ሰው ለሰላምታው ስልክ ማንሳት ጀመረ።

ወዲያው ደግሞ የስቱዲዮው ጉዳይ መጣ። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ማኅበር ወጪ ከበደኝ አለ፤ እኛ ያለንበትን ክፍል ለስፖርት ቤት ሊያከራየው ፈለገ። ነገሩ ክፍል ማጣት ብቻ አይደለም። ሳይሰማ የሰነበተ ፕሮግራም ሰዓቱን ያጣል፤ ሰዓቱ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። ሰዓቱ ከሄደ ሰላምታው ይሄዳል። እኔ ያኔ ስለ አማርኛው ሰዓት ብዙም አልፈራሁም፤ ስለ አገር ቤት መጣላት የፈለገ ሰው ሌላ መድረክ አያጣም። ግላዲስን ግን ሳያቸው፣ ያን ሰዓት ካጡ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ አስፈራኝ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሌናርት ይባላል። ረጅም፣ ሽበታም ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት በአንድ ፓርቲ ስም ለምርጫ ይወዳደር ስለነበር ውሳኔውን ራሱ መጥቶ ሊያስረዳ ፈለገ። በስፓኒሹ ሰዓት፣ በስዊድንኛ፣ በቀጥታ ሥርጭት። እኔና ጋሽ መላኩ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመናል።

"መጀመሪያ ሰላምታ" አሉት ግላዲስ።

"ለመላው የላቲን አሜሪካ ማኅበረሰብ ልባዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ" አለ።

"መላው ማኅበረሰብ ራዲዮ የለውም። አንድ ሰው። ስምና ሰፈር።"

ሳቅ አለ። ግላዲስ አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አድርገው ጠበቁት። ራዲዮ ላይ ዝምታ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ጋሽ መላኩ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ሰውየው ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ አስተካከላቸው፣ ተዋቸው።

"ቤሪት" አለ በመጨረሻ። "ሄሰልቢ። እናቴ ናት። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው ያለችው።"

"ራዲዮ አላት?"

"መስኮቷ ላይ አለ። ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ግን… አሁን አሁን እኔንም አታውቀኝም።"

"ስሟንስ?"

"ስሟን ታውቃለች። ስትጠራ ቀና ትላለች።"

"እንግዲያው እንጠራታለን። ራዲዮዋን ቅዳሜ እዚህ ላይ እንዲያደርጉላት ንገርልኝ። የመኖሪያውንም ስልክ ስጠኝ።"

ከዚያ ማብራሪያውን አነበበ። ተአምር አልተደረገም። ድምፁ ትንሽ ሰለል አለ እንጂ የመጣበትን ሳያስቀር ተናግሮ ሄደ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ። በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ዕቃ በካርቶን እየታሰረ ሳለ፣ ግላዲስ ከሌላው ስም ሁሉ ጋር "ለቤሪት፣ ሄሰልቢ" ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ መላኩ ተናደዱ።

"ከቤታችን ለሚያስወጣን ሰው እናት?" አሉ በስዊድንኛ፣ እንዲሰሟቸው።

"እሷ ምን አጠፋች?" አሉ ግላዲስ።

ክፍሉ ሄደ፤ ሰዓቱ ግን አልሄደም። ግላዲስ ፍሌሚንግስቤሪ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ መስኮት የሌላት የልብስ ማስቀመጫ ክፍል ነበረቻቸው። ኮት ድምፅ ይውጣል፣ ማሚቶ አይሰማም አሉና ማይክሮፎኑን እዚያ ተከሉት። ሥርጭቱ በኢንተርኔት ወደ ማሠራጫው ይሄዳል። እኛንም ጋበዙን። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ጋሽ መላኩ በባቡር ፍሌሚንግስቤሪ እንወርዳለን፤ ጋሽ መላኩ ከረባታቸውን አስረው፣ ጭንቅላታቸው ላይ የግላዲስ ጥቁር የክረምት ኮት እጅጌ ተንጠልጥሎ፣ ስለ አገራችን መጻኢ ዕድል ሐተታ ያቀርባሉ። እንደዚያ ሰዓት ሳቅ የታገለኝ ጊዜ የለም።

ፓሜላን ያወቅኳት እዚያ ነው። እናቷ በስፓኒሽ ያናግሯታል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ልክ እንደ እኛ ልጆች። ሻይ ታቀብለናለች፣ ፕሮግራሙን ግን አትወደውም። "እማዬ፣ ማንም አይሰማሽም እኮ" ትላለች። ግላዲስ ወደ ኮቶቹ መሀል ገብተው በሩን ይዘጋሉ።

መከር ላይ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። በዚያን ጊዜ ስፓኒሹን በጆሮዬ ለምጄው፣ ከሰላምታው ጥቂት ቃላት ይገቡኝ ነበር። ግላዲስ "ለቤሪት፣ ሄሰልቢ" ካሉ በኋላ "እና ለልጇ" ጨመሩ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሳይሉት የቀሩበት ቅዳሜ የለም። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

"ሌናርትን ምን ሊያደርግልዎ ነው የጨመሩት?" አልኳቸው።

"እሱም ሰው ነው" አሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ። መናገር አበቃ ማለት ነው።

ደጋግሜ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ከዚያ ልባቸው ደከመ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፤ ተቀምጠው በትንሽ ድምፅ ሰላምታውን ይላሉ፣ የቀረውን ዘፈን ይሸፍነዋል። በዚህ ሁኔታ ያለን ሰው አላስቸግርም ብዬ ተውኩት። ሄሰልቢ ጣቢያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳሰላስለው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ቤታችንን የዘጋብንን ሰው በየሳምንቱ ሰላም የሚያስብል ምን ነገር ተገኘ?

ለቀብሩ ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የቺሊ ሽማግሌዎች፣ ሴራሚክ አንጣፊዎች፣ አስቴር ከነባሏ። ፓሜላ ተነስታ እናቷ ንግግር እንዳይደረግ ማዘዛቸውን ነገረችን። የፈለገ ሰው ተነስቶ ለአንድ ሰው ሰላምታ ያቀርባል፤ ስምና ሰፈር፣ ሌላ የለም። ጋሽ መላኩ ረዥም ጽሑፍ አዘጋጅተው መጥተው ነበር፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና "ለአስቴር፣ ሄሰልቢ" ብለው ተቀመጡ። አስቴር በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሲሄድ ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ተነሳ። ሌናርት ነው።

"ለግላዲስ፣ ፍሌሚንግስቤሪ" አለ። መቀመጥ ነበረበት፤ አልተቀመጠም። "እናቴ ቤሪት የሞተችው በመከር ነው። ለግላዲስ አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሟ ሲጠራ እቤቴ ሆኜ እሰማ ነበር። ብናገር ይቆማል ብዬ ፈራሁ። ስሟን የሚጠራልኝ ሌላ ሰው አልነበረም።"

ጋሽ መላኩን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። መርዶ የሚደብቅ ስዊድናዊ አየን።

ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አርብ። ግላዲስ አርብ ያልጠየቁትን ሰው ቅዳሜ አይጠሩም። ቤሪት በሞተችበት ሳምንትም አርብ ወደ መኖሪያው ደውለዋል፤ የመኖሪያው ሠራተኞችም መሞቷን ነግረዋቸዋል። የሞተ ሰው ሰላምታ ምን ያደርግለታል ብለው የሳቁብኝ ሴትዮ፣ የሞተችውን ሴት በየሳምንቱ ሲጠሩ ከረሙ፤ "እና ለልጇ" ማለት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። እሱ ከእሳቸው ይደብቃል፣ እሳቸው ማወቃቸውን ከእሱ ይደብቃሉ። የጥያቄዬ መልስ መጣልኝ፤ ስደሰት ግን ራሴን አላገኘሁትም።

ውጭ ሰው ሲበተን ሌናርት ብቻውን ጓንቱን ያደርጋል። እኛ ዘንድ ቢሆን ይህን የመሰለ ነገር ሰው አማክሮ፣ ጊዜ ጠብቆ፣ አለዝቦ ነው የሚነገረው። እኔ ግን እንደ ፓሜላ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

"ግላዲስ ያውቁ ነበር። አርብ አርብ ይደውላሉ። ከመከር ጀምሮ 'ለቤሪት እና ለልጇ' ነበር የሚሉት።"

ጓንቱን ግማሽ እንዳጠለቀ ቆመ።

"ለልጇ?" አለ። "ለእኔ?"

ስፓኒሽ አይሰማም። ለካ በየሳምንቱ ራዲዮው ሥር ተቀምጦ የእናቱን ስም ሲጠብቅ፣ ስሟ ሲያልፍ ራዲዮውን ሲዘጋ ወይም ሲተወው፣ ተከትሎ የመጣው የራሱ ሰላምታ መሆኑን አላወቀም። ሲጠራ ከርሞ አልሰማም።

"ለእርስዎ" አልኩት።

ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ። የመጣልኝን ጠየቅኩት።

"የት ነው የሚኖሩት?"

"ሶደርማልም" አለ፣ ወደኔ ሳይዞር። "ለምን?"

"እንዲሁ ነው" አልኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፓሜላ በሩን ከፈተችልን። ኮቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ አስቴር ዚፑን የቀየረችው ጥቁሩ ኮትም አለ። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ፕሮግራሙን ማን ይጀምረው ብለን ተያየን። ፓሜላ ገብታ ተቀመጠች። በስዊድን ቅላጼ፣ ቃል እየፈለገች፣ አንዳንዴ ቆማ ከንፈሯን እየነከሰች፣ በእናቷ ቋንቋ ሰላምታውን አለችው። አርብ ስትደውል እንደዋለች የነገረችኝ በኋላ ነው። ስትወጣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ቀጥሎ እኛ ገባን። ጋሽ መላኩ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ሰላምታ ለሌናርት፣ ሶደርማልም" አልኩ በአማርኛ። "ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነው።" ከዚያ በኋላ፣ በአማርኛ ሰዓታችን አድርገነው የማናውቀውን፣ ቀስ ብዬ በስዊድንኛ ደገምኩት፤ ይህኛው እንዳያመልጠው።